እርፍ የሚጨብጥ ሲጠፋ

የታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ጎዛምን ውስጥ አንድ አውድማ ዳር ቆሜያለሁ። ገብሱ ተወቅቶ፣ በላይዳ ለነፋስ ተሰጥቶ፣ ምርቱ መካከል ላይ ተቆልሏል። የእኩል አራሹ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ባለ መሬቷ አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ናቸው፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ትናንሽ ጠጠሮች በግራ እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የማዳበሪያው ዕዳ የሚሸፍነው ተለይቶ ተነሣ። ከዚያ ልጁ እንቅቡን ሞላ፣ አፉን በመዳፉ አስተካከለ፣ ወደ ቀኝ ገለበጠው። «ይኸ የአንቱ ነው እታለም» አለ። ደግሞ ሞላ፣ ወደ ግራ ገለበጠ። «ይኸ የእኔ።» ሴትዮዋ ወደ ቀኝ በተገለበጠ ቁጥር አንድ ጠጠር መሬት ላይ ያኖራሉ።

ባላቸው በጦርነቱ ከቤት ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ወሬ የለም። መሬቱ አለ፣ ዝናቡም ዘንድሮ አልከፋም፤ የጠፋው እርፍ የሚጨብጥ ሰው ነው። እሱ በመጥፋቱ ብቻ ከምርቱ ግማሹ ወደ ግራ ይሄዳል። ወጣቱ በደለ የምለው ነገር የለም፤ በሬው የእሱ ነው፣ ላቡም የእሱ፣ ወጉም የሚፈቅድለት እኩሌታውን ነው። እኔን ቆሜ እንድቀር ያደረገኝ እንቅቡ ነው። ጦርነት ለሴት ምን ይሰጣል፣ ምንስ ይነሳል ለሚለው ጥያቄ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያ እንቅብ ቀረብ ያለ መልስ መሰለኝ።

እህል በመስፈሪያ እየለኩ የሴትን አቅም መወሰን የጎጃም ብቻ ወግ አይደለም። ከ2,400 ዓመት በፊት በአቴና ከተማ አንዲት ሴት በራሷ ቃል የምትዋዋለው ዋጋው ከአንድ ሜዲምኖስ ገብስ ለማይበልጥ ነገር ብቻ ነበር። ሜዲምኖስ መስፈሪያ ነው፤ በዛሬው ልክ ሃምሳ ሊትር አለፍ ይላል። ከዚያ በላይ ከሆነ አባቷ፣ ባሏ፣ ወንድሟ ወይም ልጇ ይቆምላታል። ይህን ሰው ግሪኮቹ «ኪሪዮስ» ይሉታል፤ ጌታ ማለት ነው። በሰሙነ ሕማማት ስንሰግድ «ኪርያላይሶን» እያልን የምንጠራው ያው ቃል ነው። ወንድ ወራሽ ያልተወ አባት ሲሞት ደግሞ ልጂቱ ርስቱን ይዛ ለቅርብ ወንድ ዘመዷ ትዳር ነበር፤ ሀብቱ ከአባቷ ቤት እንዳይወጣ መተላለፊያ ድልድይ ሆነች ማለት ነው።

ይህን ሥርዓት አንድ ረጅም ጦርነት አናጋው። አቴናና ስፓርታ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ431 እስከ 404 ድረስ፣ መካከል ላይ ከተደረገው ያልጸና ዕርቅ ጋር 27 ዓመት ተፋለሙ። ገበሬው ማሳውን ጥሎ ወደ ከተማው ግንብ ገባ፤ በዚያ መጨናነቅ ውስጥ ወረርሽኝ ወረደ። በ415 ወደ ሲሲሊ የዘመተው ታላቅ ጦር ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው አለቀ። በ413 ስፓርታውያን ዴኬሊያ የሚባል ምሽግ ይዘው የአቴናን ገጠር ክረምት ከበጋ ይዘርፉት ጀመር፤ ከ20 ሺህ በላይ ባሪያዎች እንደኮበለሉ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ ጽፏል። ወንዱ የለም፣ ባሪያው የለም፣ ማሳው ጠላት እጅ ነው። ታዲያ ቤቱን ማን ያቆመዋል?

የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር ዜኖፎን ስለዚህ አንድ ታሪክ ትቶልናል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በተነሣው የእርስ በርስ ግጭት ጊዜ አሪስታርኮስ የሚባል ሰው ፊቱ ጠቁሮ ሶቅራጥስን አገኘው። እህቶቹ፣ የእህትና የወንድም ልጆቹ፣ የአጎትና የአክስት ልጆቹ ጠባቂ አጥተው ቤቱ ተሰብስበዋል፤ ከባሪያዎች ሌላ አሥራ አራት ነፍስ ይመግባል። ከርስቱ አይገባለትም፣ ቤት የሚከራየው የለም፣ የሚያበድረውም አጥቷል። ሶቅራጥስ ሴቶቹ ሸማ መሥራት አያውቁም ወይ ብሎ ጠየቀው። ያውቃሉ፤ ግን እነሱ ጨዋ ናቸው፣ ዘመዶቼ ናቸው፣ እንዴት እንደ ባሪያ አሠራቸዋለሁ አለ። በመጨረሻ ተበድሮ ሱፍ ገዛ። ሴቶቹ ምሳቸውን ሥራው ላይ እየበሉ እስከ ማታ ይሠሩ ጀመር። ያ የተኮሳተረ ቤት ፊቱ በራ። ቆየት ብሎ አሪስታርኮስ ለሶቅራጥስ የነገረው አዲስ ነገር ቢኖር፣ ከቤቱ ሰው ሥራ ሳይሠራ የሚበላው እሱ ብቻ እንደሆነ ሴቶቹ መናገር መጀመራቸውን ነው።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የማስበው ያንን መናገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቤት ሴት ስለ ወንድ ሥራ አፍ አውጥታ አልተናገረችም ይሆናል። ጦርነቱ የሰጣቸው ትልቁ ነገር እሱ ነበር።

የሰጣቸውን ሰላም ሲመጣ አስቆጠራቸው። ስልሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ኤውክሲቴዎስ የሚባል ሰው የአቴና ዜግነቱን ተነጥቆ ፍርድ ቤት ቆመ። ከቀረቡበት ነገሮች አንዱ እናቱ ገበያ ላይ ጥብጣብ መሸጧና ቀደም ሲል የሰው ልጅ ለክፍያ ማጥባቷ ነው። ጨዋ ዜጋ ብትሆን ኖሮ ይህን ትሠራለች? ሲሉ ከሰሱት። ልጁ በደሞስቴን በተጻፈለት ንግግር የመለሰው እንዲህ ነው፤ ባሏ ዘምቶ፣ ሁለት ልጆች ይዛ፣ ችግር ጸንቶባት ነው ያጠባችው፤ በዚያ ክፉ ዘመን ብዙ የዜጋ ሚስቶች ሞግዚት፣ ሸማኔ፣ ወይን ለቃሚ ሆነዋል። ሴትዮዋ በጦርነት ዘመን ልጆቿን ያተረፈችበት ሥራ በሰላም ዘመን በልጇ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። ሕጉ ላይ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። የገብሱ መስፈሪያ እዚያው ነበር።

ስፓርታ ከዚህ ትለያለች። እዚያ ወንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ያደገ ወታደር ነው፤ ቤቱንና ርስቱን የምታውቀው ሴቲቱ ነች። ሴት ልጅ መሬት ትወርሳለች፣ ጥሎሽ ሆኖም ይሰጣታል። ወንዶቹ በየዘመቻው እያለቁ ሲሄዱ መሬቱ በሴቶች እጅ እየተጠራቀመ መጣ፤ በአርስጣጣሊስ ዘመን ከአገሩ መሬት ከአምስቱ እጅ ሁለቱ ገደማ የሴቶች እንደነበር እሱ ራሱ ጽፏል። አርስጣጣሊስ ይህን የስፓርታ ውድቀት ምክንያት አድርጎ ይከሳል። እኔ ግን አልስማማም፤ ሺህ እንኳ የማይሞሉ ወታደሮች የቀሩት አገር ያለቀው በራሱ ጦርነት ነው፤ ሴቶቹማ የወረሱት የሞተውን ነው። የስፓርታው ንጉሥ እህት ኪኒስካ በ396 እና በ392 ፈረሶቿን በኦሎምፒያ የሠረገላ ውድድር አሰልፋ አሸንፋለች፤ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ፈረስ የሚረባው በመሬት ነው። የአቴናዋ ጥብጣብ ሻጭና የስፓርታዋ ባለ ፈረስ በአንድ ትውልድ ኖረዋል፤ ያለያያቸው በስማቸው የተመዘገበው ነገር ነው።

የእኛው አገር ከሁለቱ የትኛዋን ይመስላል? ጎጃም ከሁለቱም ወስዷል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ መሬቱን እንይ። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደጋ ዳሞት ገብቶ የኖረው አሜሪካዊው አጥኚ አለን ሆበን እንደጻፈው፣ አንድ ሰው ርስት የሚጠይቀው ወደ አቅኚው አባት በሚያደርሰው በማንኛውም የትውልድ ሐረግ፣ በወንድም ሆነ በሴት በኩል ነው። ስለዚህ ሴት ልጅ በዘር ቆጠራው ውስጥ አልተዘለለችም። ባል በሚስቱ ርስት ይሟገታል፣ ልጅ በእናቱ አያት ስም ሽማግሌ ፊት ይቆማል። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚለውን ተረት ብዙዎች የወንድ ፉከራ አድርገው ይሰሙታል፤ በሙግት አደባባይ ላደገ ጎጃሜ ግን ሁለቱ አብረው የተጠሩት ሚስት ብዙ ጊዜ የርስት በር ስለሆነች ጭምር ነው። ከላይኛው መደብማ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብታ፣ ራስ ኃይሉን ወልዳ፣ ሞጣ ጊዮርጊስን ተክላ በራሷ ስም የምትጠራ ባለ ርስት ነበረች።

ጦርነቱም ሴትን ደጅ አያስቀራትም። የጥንቱ ሠራዊት ስንቅ የሚሰፈርለት አልነበረም። ባል ጋሻና ጠመንጃ ሲያነሣ ሚስት ወይም ገረድ ምጣዱን፣ ገንቦውንና ማሰሮውን ታነሣለች። ከዘመቻው በፊት ያለው ሥራ ራሱ ዘመቻ ነው። በሶ ለማድረግ ገብሱ ይታመሳል፣ በሙቀጫ ይፈተጋል፣ ገለባው በሰፌድ ይነፋል፣ ተመልሶ ይቆላል፣ ከዚያ ሴቲቱ ወፍጮው ላይ ተንበርክካ በመጁ ትፈጨዋለች። እንጀራው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፣ ዳቦ ቆሎው ይቆረጣል። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ተሰብሮ ንጉሡ ቆስለው ሲማረኩ፣ እዚያ የቀረው ጎጃሜ ሁሉ ከኋላው እንዲህ ያለ ወፍጮ ትቶ የሄደ ነው። የወፍጮዋን ባለቤት የሚያነሣ ታሪክ ጸሐፊ እስካሁን ጥቂት ነው። አድዋ ላይ እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር መርተዋል፣ የመቀሌውን ምሽግ ውኃ የማስያዙን ምክር ሰጥተዋል፣ ሴቶቹን ውኃ እያስቀዱ ቁስለኛ አስጠጥተዋል። ይህ በየዓመቱ የካቲት 23 ይነገራል። ይነገር፤ ይገባቸዋል። ከእቴጌይቱ ጀርባ ግን ስሟ ያልተጻፈ ባለ እንስራ አለች።

አሁን ወደ እርፉ። የጎጃም ሴት የማትሠራው የእርሻ ሥራ ጥቂት ነው። ጓል ትከሰክሳለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፣ አውድማ በእበት ትለቀልቃለች። ሞፈርና ቀንበር ግን አታነሣም፣ እርፍ አትጨብጥም። ጉልበት ነው ይላሉ፤ ጉልበት ቢሆን ኖሮ አንድ እንስራ ውኃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣው ሴት ባላነሳት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጅራፍ ይዞ ሲያርስ ማንም አይገረምም፤ የሠላሳ ዓመት እናቱ ብታርስ ግን መንደሩ ነውር ይላል፣ ሰማዩ ይደርቃል የሚልም አይጠፋም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በጎጃም ማሳ ላይ ቃል በቃል የሚሠራው እዚህ ነው። ስለዚህ ጦርነት ወንዱን ሲወስድ ሴቲቱ እንደ ስፓርታዋ መሬቱን ይዛ ትቀራለች፤ መሬቱን የሚያሳርስላት ወንድ ፍለጋ ደግሞ እንደ አቴናዋ ደጅ ትጠናለች። የምትከፍለው ዋጋ ያ ወደ ግራ የሚገለበጠው እንቅብ ነው።

የጣሊያን ዘመን ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አሳየ። ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ጎጃም ሲነሣ ጣሊያን በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በዳንግላ፣ በሞጣ ምሽጎቹ ተወስኖ ቀረ፤ ገጠሩን እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ልጅ ኃይሉ በለውና ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ያዙት። ይህን ሁሉ አርበኛ ያበላው ማን ነው? አያቴ ስታወራኝ ጀግና አድርጋ ራሷን አታወራም ነበር። የምትነግረኝ ስለ ወፍጮ ድምፅ ነው። ሌሊት የወፍጮ ድምፅ ሩቅ ይሰማል፤ አንዲት ባሏ ጫካ የገባ ሴት ቤት ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ ወፍጮ ከተሰማ ባንዳው ለማን እንደሚፈጭ ያውቃል። ቀን ሲፈጩ ደግሞ የዱቄቱ ብዛት ያሳብቃል። እናም ቀን ቀን በየቤቱ ትንሽ ትንሽ ይፈጫል፣ ማታ እንደ ዕድር መዋጮ በአንድ ስልቻ ይጠራቀማል። ይህን ያደራጁት ሴቶቹ ለብቻቸው ነበሩ። «ወንዶቹ ስልቻው ከየት እንደሚመጣ አያውቁም፤ እንዳይይዙን ሳይሆን ሲያዙ እንዳያወጡን ነው» ትለኝ ነበር። ያን ያህል ምስጢር የመያዝና የማዘዝ ሥልጣን በሰላም ጊዜ ማን ይሰጣት ነበር?

ከጎጃም ውጭ የታወቁት ስሞችም አሉ። ደጃዝማች አበራ ካሣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ሲገደሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም የባላቸውን ጦር ይዘው ትግሉን ቀጠሉ። ስንዱ ገብሩ ታስረው ወደ ኢጣሊያዋ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ ተመራጭ ሆኑ።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። ሹመትና ሽልማት ተሰጠ። ፊታውራሪነቱም፣ ቀኛዝማችነቱም፣ ግራዝማችነቱም ለወንድ የተሰፋ ካባ ነው። ስልቻ ያጠራቀመችው ሴት ወፍጮዋ ዘንድ ተመለሰች። ባሏ ያልተመለሰላትና ወንድ ዘመድ ያጣችው ደግሞ ብዙ ጊዜ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትታ ደብረ ማርቆስ ወጣች። ከተማው ለእርሷ የነበረው ሥራ ጠላ መጥመቅ፣ አረቄ ማውጣት፣ ፈትል መፍተል ነው። እኔ ስማር አብሮኝ የሚቀመጥ ልጅ ነበር፤ በጠብ ጊዜ ሌላ ነገር ሲጠፋ «የአረቄ ሻጭ ልጅ» ይሉታል፣ እሱም ዝም ይላል። አያቱ ከሟች አርበኛ ሁለት ልጅ ይዛ የቀረች ሴት መሆኗን ያወቅሁት ካደግን በኋላ ነው። የኤውክሲቴዎስን እናት ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ ፊቴ የመጣው የዚያ ልጅ ዝምታ ነበር።

ሕጉስ? አገሪቱ ነፃ ከወጣች ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው፣ ሚስት ልትታዘዘው ይገባል ብሎ በ635ኛው አንቀጽ ደነገገ። እኔን የሚያሳዝነኝ ጊዜው ነው። ያን ጊዜ የጫካ ስንቅ ያደራጁት ሴቶች ገና በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ሁሉንም የሚያስታውሱ ነበሩ። ያ አንቀጽ ከቤተሰብ ሕጉ የወጣው በፌዴራል ደረጃ በ1992፣ በአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. በወጡት አዳዲስ ሕጎች ነው። አያቴ አላየችውም።

በመሬት በኩል የመጣው ለውጥ ግን ከጦርነት ጋር የተያያዘ መልክ አለው። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ያለ ፆታ ልዩነት ለአራሹ ይሰጣል አለ። በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክልም ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው አወጣ። አዋጁን የጻፉት ሰዎች የእርፉን ነገር ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ማረስ እንደማይፈቀድላት አውቀው መሬቷን እንዳታጣ በር ከፈቱላት። ስምንት ዓመት ቆይቶ የብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ መጣና ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወንድ መልምል አለ። አፈሳ የሚለውን ቃል ጎጃም ውስጥ ማስረዳት አያስፈልግም። ገበያ የወጣ ልጅ ሳይመለስ ይቀራል፤ ያ በር የተከፈተላት ሴት ቁጥሯ በየቀበሌው በዛ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። በቀድሞው ሥርዓት «ቢሮክራት» ነበሩ የተባሉ ገበሬዎች ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይኖራቸው ተደረገ። በምሥራቅ ጎጃም ይህ ነገር ዛሬም ቁስል ነው፤ ብዙ ገበሬ ላቡን ያፈሰሰበትን ማሳ በአንድ ቀን አጥቷል፣ አሠራሩም ቂም የተቀላቀለበት ነበር። እኔም ይህን አልሸፋፍንም። በዚያው ሽግሽግ ግን የፈቱና ባል የሞተባቸው ሴቶች በራሳቸው ስም መሬት አገኙ፤ ይህም እውነት ነው።

ከዚያ ደብተሩ መጣ። አረንጓዴው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በክልሉ ሥራው መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ሁለት ቀበሌዎች አንዱ እዚሁ ጎዛምን ያለው አዲስና ጉሊት ነው፤ ሌላው ደሴ ዙሪያ ያለው ገራዶ ሲሆን በስዊድን ዕርዳታ የተጀመረ ነው። ደብተሩን ግለጡት። ባልና ሚስት ካላቸው መሬት ላይ የሁለቱም ስም ጎን ለጎን ተጽፏል፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ለብዙዎቹ የገጠር ሴቶች በሕይወታቸው የተነሡት የመጀመሪያው ፎቶግራፍ እሱ ነው፤ ሻሽ አስረው፣ አይናቸውን አፍጥጠው፣ ልክ የእምነት ቃል እንደሚሰጡ ሆነው የተነሡት። በ1992 ዓ.ም. ከወጣው 46ኛው አዋጅ እስከ 2009ኙ 252ኛው አዋጅ ድረስ የክልሉ የመሬት ሕግ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ በገጠሯ ሴት እጅ የገባው ትልቁ ነገር ግን ያ ፎቶግራፍ ነው እላለሁ። የባል ወንድም ከቀብር መልስ በሬ እየነዳ ማሳው ላይ ሲቆም የሚመልሰው ክርክር የለም፣ ጉርድ ፎቶግራፉ ነው።

የማያርስ ደብተር መሆኑ ግን አልቀረም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት እንዲቆም ሲፈረም ብዙ የጎጃም ቤት ባልና ልጁን ጠበቀ። አንዳንዱ መጣ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ግጭቱ ወደ ራሳችን ደጅ መጣ። የትኛው ወገን ምን አደረገ የሚለውን ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ የምጽፈው ከቤት የጠፋውን ወንድ ቦታ ማን እየሞላው እንደሆነ ነው። ከገበያ መልስ የተዘጋ መንገድ እየዞረች የምትገባው፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ከኋላ ትቀመጥ የነበረችውና አሁን ስለ ማዳበሪያ ድርሻዋ ቆማ የምትከራከረው፣ የእኩል አራሽ የምትመርጠው፣ የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ይህን ሥልጣን ነፍስ ያወቀ ሰው ሁሉ ያየዋል። የማይታየው ከመንደሩ የወንድ ጉልበት በሳሳ ቁጥር አራሹ የሚጠይቀው መጨመሩ፣ ልጇም ከትምህርት ቤት ይልቅ በሬ ኋላ መቆሙ ነው። ደብተሯ ላይ ያለው መሬት የእሷ ነው፤ ከመሬቱ የሚወጣው ግን ግማሹ ብቻ።

ሴት እርፍ ትጨብጥ ብዬ ከከተማ ሆኜ ማዘዝ አልፈልግም። ነውር በአዋጅ አይነሣም፤ ማረስ ደግሞ ለወንዱም ዕድሜ የሚያሳጥር ሥራ ነው። ቢያንስ ግን ለወንድ አልባ ቤት ደቦና ወንፈል የሚወጣበት፣ በሬ በተራ የሚውልበት የቆየ ወግ አለን። ለአርበኛ ቤት ይደረግ እንደነበር አያቴ ነግራኛለች። ያ ወግ ዛሬ ለማን ወገን የወጣ ቤት ነው ተብሎ በመፈራቱ እየጠፋ ነው። ደቦ መውጣት ወገን መለየት መሆኑ ከጦርነቱ ጉዳት ሁሉ ሳይቆጠር የሚቀር ጉዳት ነው። ቀሳውስቱና የአገር ሽማግሌዎቹ በዚህ ላይ አንድ ቃል ቢናገሩ የሚሰማ አለ።

አውድማው ላይ ልጁ ግራውን ጭኖ ሲጨርስ ሴትዮዋ ጠጠሮቻቸውን ቆጠሩ። አንድ ጊዜ ቆጥረው አላመኑም፣ ደገሙት። ቤታቸው ገብተን አረንጓዴውን ደብተር ከሳጥን አውጥተው አሳዩኝ፤ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ባላቸው ቀኝ፣ እሳቸው ግራ ተለጥፈዋል፤ ሰውዬው ያን ጊዜ ጢም አልነበራቸውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 154ኛ አንቀጽ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲታወጅለት ባለጉዳይ ማመልከት ይችላል ይላል። ይህንን የነገራቸው ሰው አለ። ቀንበሩና ሞፈሩ ከጓዳው ግድግዳ ጋር እንደተደገፉ ናቸው፤ ማነቂያው ጠፍር ቅባት ተቀብቷል።

ለእህሉ ምን አስበውለታል ብዬ ጠየቅኋቸው። በእጃቸው እንደያዟቸው ጠጠሮቹን በአራት ከፈሏቸው። ይኸ ዘር። ይኸ የልጄ ደብተርና ልብስ። ይኸ እስከ ሐምሌ የሚበላ። አራተኛውን ሳይሰይሙት ዝም አሉ። ለተዝካር ይሆን ብዬ በልቤ ገመትሁ፤ ፊቴ ላይ ሳያዩት አልቀሩም።

«የለም» አሉኝ። «ተዝካር አላስቀመጥሁም። ይኸ ለቂጣውና ለጠላው ነው። ሰውዬው ሲመጣ ምን ላቀርብ ነው?»